ባትማን በ48 ኪሎባይት፤ የእኛስ የሥዕል ታሪኮች?

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ልጆች ገጻችሁ ነው። በገጹ ላይ በኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የተሣለ፣ ከእትም ወደ እትም የሚቀጥል የሥዕል ታሪክ ማተም እንድትጀምሩ፣ ሠዓሊውም ልጆች ታሪኩን ለመማሪያ ያህል ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ እንዲለውጡት ፈቃዱን አብሮ እንዲሰጥ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለጋዜጣ ያልተለመደ ስለሆነ፣ ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝን ነገር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ አገር ከኮሚክ (ከሥዕል ታሪክ) መጽሐፍ ተወስዶ የተሠራውን ባትማን የተሰኘ የቤት ኮምፒውተር ጨዋታ፣ ዘርዘር አድርጌ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

የምኖረውም የማስተምረውም በከተማችን ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ነው፤ ሙያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። እንደሚታወቀው ሰፈሩ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ ልጅ በብዛት ይኖርበታል፣ ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ግን ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ወንዶች ልጆች ከትምህርት መልስ የሚሰበሰቡት በየብሎኩ ምድር ቤት በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ነው። ወላጆች እነዚህ ቤቶች ይዘጉ ሲሉ እሰማለሁ፤ ልጅ ለደብተር የተሰጠውን ገንዘብ እዚያ አጥፍቶ ሲመጣ የሚሰማቸውን ቁጣ እረዳለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ክርክራችን ልጁ ይጫወት ወይስ አይጫወት ከሚለው አልፎ አለመሄዱ ነው። ጨዋታውን ሰው እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራውም መመርመር እንደሚቻል ለልጆቹ የሚነግራቸው አላገኙም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከእንግሊዝ አገር ጠቅልሎ ሲመለስ የወጣትነቱን ኮምፒውተር ከነካሴቶቹ ይዞልን መጣ። ማሽኑ ሲንክሌር ሪሰርች የተባለው የካምብሪጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም ነው። መጠኑ ከአንድ ደብተር ብዙም አይበልጥም፤ ቁልፎቹ ከጎማ የተሠሩ ናቸው፤ የራሱ ስክሪን ስለሌለው በአንቴና ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ፕሮግራም የሚያነበውም ድሮ ዘፈንና መዝሙር እንሰማበት ከነበረው ዓይነት ተራ የካሴት ቴፕ ነው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥንና የእኛ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚቀበሉበት መንገድ ይለያያል፤ ሆኖም የስፔክትረም ድምፅ ከራሱ ውስጥ ካለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስለሚወጣ በቤታችን የነበረው አሮጌ ቴሌቪዥን ያለ ችግር አገለገለን። ካሴቱ ሲነበብ ጆሮ የሚወጋ ጩኸት ይሰማል፣ የስክሪኑም ጠርዝ በሰማያዊና በቢጫ መስመሮች ይተራመሳል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ጨዋታው ይከፈታል። በመካከል መብራት ከጠፋ ንባቡ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት፤ በሰፈራችን መብራት ስለሚቆራረጥ ይህ ደጋግሞ አጋጥሞናል።

ከካሴቶቹ ሁሉ የተማሪዎቼንም የእኔንም ልብ የሳበው ባትማን ነው። ያሳተመው ኦሽን የተባለው የማንቸስተር ኩባንያ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ጆን ሪትማን፣ ሥዕሉን የሣለው ደግሞ በርኒ ድራመንድ ነው። ሪትማን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1984 ማች ዴይ የተባለ የእግር ኳስ ጨዋታ ጽፎ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በኳስ ጨዋታ የሚያሳልፉ ልጆች ይህን ሲሰሙ ሰውየውን ወዲያው እንደ ወዳጅ ቆጠሩት። በዚያው ዓመት ናይት ሎር የተባለ ሌላ ጨዋታ ወጥቶ ክፍሎችን ከላይና ከጎን በአንድ ጊዜ እንደሚታዩ አድርጎ፣ ጥልቀት ባለው አሣሣል አቅርቦ ነበር፤ ሪትማንም በዚያ አሠራር ተመስጦ የራሱን ለመሥራት ተነሣ። ባትማን የሁለት ሰዎች ሥራ መሆኑን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ጨዋታ የሚሠራው በሺህ ሰው ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባትማን ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር የፈጠሩት ገጸ ባሕርይ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው ዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 ላይ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ከወጣው ከሱፐርማን የሚለየው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሌለው በመሆኑ ነው። አይበርርም፤ ጥይትም ይጎዳዋል። ያለው ነገር ሥልጠና፣ ብልሃትና መሣሪያ ነው። ሪትማንና ድራመንድ ይህን የገጸ ባሕርዩን ጠባይ ወስደው የጨዋታው ሕግ አደረጉት። ተጫዋቹ ሲጀምር ባትማን መዝለል እንኳ አይችልም። መዝለል የሚችለው ጫማውን ፈልጎ ሲያገኝ ነው፤ ዕቃ ማንሣት የሚችለው ቦርሳውን ሲያገኝ ነው፤ ሲወድቅ አቅጣጫውን የሚቀይርበትና ክብደቱን የሚያቀልልበት መሣሪያም እንዲሁ ተበታትነው ይገኛሉ። እነዚህን ከሰበሰበ በኋላ ባትክራፍት የተባለውን የመጓጓዣውን ሰባት ቁርጥራጮች ጨዋታው ከሚካሄድበት ዋሻ ውስጥ እየፈለገ አሰባስቦ ጓደኛውን ሮቢንን ለማዳን መድረስ አለበት። ኮሚኩ ለዓመታት ሲተርከው የኖረውን ነገር፣ ሰውየው ያለ ዝግጅት ምንም እንዳልሆነ፣ ተጫዋቹ በጣቱ ያውቀዋል።

ጨዋታው ጠብ የለበትም፤ ባትማን ማንንም አይመታም፣ አይተኩስም። መንገዱን የሚያገኘው በማሰብ ነው፤ ሣጥን ገፍቶ ይወጣበታል፣ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ሲረግጡት የሚጠፋውን ድንጋይ ከመጥፋቱ በፊት ተሻግሮ ያልፋል። ልዩ ድንጋይ የሚያገኝባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ድንጋዩን ካነሣ በኋላ ነፍሱ ብታልቅ ከመጀመሪያው መጀመር ሳያስፈልገው ከዚያ ቦታ ይቀጥላል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የቤት ኮምፒውተር ጨዋታዎች ተሸናፊውን ያለ ርኅራኄ ወደ መነሻው ይመልሱት ስለነበር ይህ አስተዋይ ፈጠራ ነው። በክፍሌ ውስጥ አንዱን ጥያቄ ተሳስቶ መላውን ፈተና እንደገና የጀመረ ልጅ ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ፣ ይህን ያሰበውን ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ።

እንደ ሒሳብ መምህር እጅግ የማረከኝ ግን የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ስሌት ነው። የስፔክትረም ስክሪን 256 በ192 ነጥብ ነው፤ አንድ ሙሉ ስክሪን ከነቀለሙ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ 6,912 ባይት (ባይት የማስታወሻ መለኪያ ነው) ይይዛል። በባትማን ውስጥ 150 ያህል ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ እንደ ሥዕል ቢቀመጡ ኖሮ 150 ጊዜ 6,912፣ ማለትም 1,036,800 ባይት ያስፈልግ ነበር። የማሽኑ ጠቅላላ ማስታወሻ ደግሞ 48 ኪሎባይት፣ ማለትም 49,152 ባይት ነው፤ ስክሪኑ የሚይዘው ሲቀነስ 42,240 ይቀራል። በዚህ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ እንኳ ሳይገባ የሚቀመጠው ስድስት ሥዕል ብቻ ነው። ታዲያ 150 ክፍሎች እንዴት ገቡ? ይህን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ ስሰጥ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ግምት ግን በመምህርነቴ ከሰማኋቸው ሁሉ የላቀ ነው።

መልሱ፣ ክፍሉ ተሥሎ አልተቀመጠም፤ በመግለጫ ነው የተቀመጠው። በዚህ ማዕዘን ሣጥን፣ በዚያኛው ላይ የሚንቀሳቀስ ቀበቶ፣ በግራ በኩል በር እየተባለ በጥቂት ቁጥሮች ይገለጻል፤ ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ተጫዋቹ ወደ ክፍሉ ሲገባ ወዲያውኑ ይሥለዋል። ለድግስ የሚሆን ዶሮ ወጥ ትልቅ ድስት ቢጠይቅም እናት አሠራሩን ለልጇ የምታስተላልፈው በጥቂት ቃላት ነው፤ ሪትማንም ያስቀመጠው አሠራሩን ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ወርድ፣ ጥልቀትና ከፍታን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ሲሣል ከኋላ ያለው ይቀድማል፣ ከፊት ያለው ይከተላል፤ እንዲህ ካልሆነ ከሣጥን ጀርባ የቆመው ባትማን በሣጥኑ ፊት ቆሞ ይታያል። ጥልቀትን የሚያሳየው ገደላማ መስመርም ወደ ጎን ሁለት ነጥብ ሲሄድ ወደ ላይ አንድ ነጥብ በመውጣት ይሠራል። የተዳፋት መጠን ምንድን ነው ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ቀለሙም ትምህርት አለው። ስፔክትረም ስክሪኑን በ768 ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል፣ በእያንዳንዱም ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይፈቅድም፤ ስለዚህ አንድ ባለቀለም ሰው በሌላ ባለቀለም ዕቃ አጠገብ ሲያልፍ ቀለማቸው ይጋባል። ሪትማንና ድራመንድ ችግሩን ያለፉት እያንዳንዱን ክፍል በጥቁር መደብ ላይ በአንድ ቀለም ብቻ በማሳየት ነው። በጥቁርና ነጭ የሚያትም ጋዜጣም ይህ ገደብ አያሳፍረውም።

ኦሽን እ.ኤ.አ. በ1988 ስፔሻል ኤፍኤክስ የተባለ የሊቨርፑል ቡድን የሠራውን ሌላ የባትማን ጨዋታ አሳትሟል። በዚህኛው ባትማን ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ ክፍሉ እንደ ኮሚክ ካሬ በፊተኛው ካሬ ላይ ተደርቦ ይከፈታል፤ ለዓይን በእውነት የኮሚክ ገጽ ይመስላል። ብዙ ሰዎች ይህን ከ1986ቱ ያስበልጡታል፤ ምርጫቸውን ባከብርም አልስማማም። የኋለኛው የኮሚኩን መልክ ወሰደ፤ የፊተኛው የሰውየውን ጠባይ። የእኛ ልጆች የፊተኛውን መንገድ ቢከተሉ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም መልክ ለመቅዳት ብዙ ቀለምና ብዙ ማስታወሻ ያስፈልጋል፣ ጠባይን ወደ ሕግ ለመለወጥ ግን ማሰብ ይበቃል።

በሥዕል ካሬ ታሪክ መተረክ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘውን የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ያላየ የለም፤ በአንድ ሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ 44 ትንንሽ ካሬዎች ተደርድረው ከዘንዶው ከአርዌ ጀምረው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ያለውን ትውፊት ይተርካሉ። የመጀመሪያዎቹን ካሬዎች እንመልከት። አርዌ ሕዝቡን በግብር ያስጨንቃል፤ አጋቦስ የሚገድለው በጉልበት አይደለም፤ በመርዝ የተበከለ ፍየል አቅርቦለት ነው። ይህን ታሪክ ያለ ማሰብ ወደ ጨዋታ የሚለውጥ ሰው ለአጋቦስ ጎራዴ ሰጥቶት ዘንዶውን እንዲከታትፍ ያደርገዋል፤ የታሪኩም ነፍስ ያኔውኑ ይወጣል። ጠባዩን የሚመለከት ልጅ ግን አጋቦስ ዘንዶውን ፊት ለፊት ከገጠመ ሁልጊዜ ይሸነፍ ብሎ ሕግ ያወጣል፤ ፍየሉን ፈልጎ፣ መርዙን ቀምሞ፣ ሁለቱንም ሳያስነቃ ዘንዶው ደጃፍ ማድረስ የጨዋታው ሥራ ይሆናል። ይህን ሐሳብ ያመነጨችው በሒሳብ ክበባችን ያለች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፍየሉ መርዙን ቀድሞ ከበላ ዘንዶው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሞታል የሚል ሕግም ጨምራለች። ተረቱ የማይናገረውን የጊዜ ጭንቀት ከተረቱ ውስጥ አወጣችው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመሥራት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ክበባችን የሚጠቀመው ከአንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎታቸውን ጨርሰው በስጦታ የተሰጡንን ኮምፒውተሮች ነው። አምስትራድ የተባለው ኩባንያ የሲንክሌርን የኮምፒውተር ንግድ እ.ኤ.አ. በ1986 በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የስፔክትረምን ውስጣዊ ፕሮግራም ማሽኑን ከሚያስመስሉ ኢሙሌተሮች ጋር ማሠራጨትን ፈቅዷል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት እንደ ስፔክትረም ይሠራል፤ ሲበራም ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በዚህ ቤዚክ ውስጥ ተጠቃሚው ራሱ የሚሥላቸው 21 ባዶ ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ ምልክት ስምንት በስምንት ካሬ ስለሆነ ልጆቹ በመጀመሪያ የሚሥሉት በካሬ ወረቀት ላይ ነው፤ የተቀባ ካሬ 1፣ ያልተቀባ 0 ይሆናል፤ ረድፉም እንደ ቁጥር ይነበባል። ሀን ስንሥል ሁለቱ ክንዶች በየረድፉ 01000010፣ ማለትም 66 ይሆናሉ፤ የታችኛው ቅስት 00111100፣ ማለትም 60 ነው። ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም፤ 21 ቦታ ደግሞ ለመላው ገበታ አይበቃም። ስለዚህ ልጆቹ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን በ21 ምልክት ውስጥ ለማስገባት ቃላቸውን ይመርጣሉ፣ አጭርም ጥርት ያለም አማርኛ ይጽፋሉ። በሁለት መሠረት የሚቆጠር የቁጥር ሥርዓትን ለዓመታት ያስተማርኩት ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነበር፤ አሁን የሚጠይቁኝ ተማሪዎቹ ናቸው።

የሕጉ ነገር መዘንጋት የለበትም። የባትማን ጨዋታ የተሠራው የኮሚኩ ባለቤት ፈቅዶ ነው፤ እኛም የምንጫወተው ከተገዛው ካሴት ሲሆን ልጆቹ ቅጂ አያባዙም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ የመለወጥን መብት ለሥራው ባለቤት ሰጥቷል። የአርዌ ትውፊት የሁላችን ነው፤ አንድ ሠዓሊ የሣለው ካሬ ግን የእርሱ ነው። ልጆች ከጅምሩ የሰውን ሥራ ፈቃድ ጠይቆ መውሰድን መማር አለባቸው፤ ለዚህም ነው ፈቃዱ ከሥዕሉ ጋር እንዲታተም የምጠይቀው።

የሚሥሉም የሚሠሩም ሰዎች በመካከላችን አሉ። ጀምበር የተሰኘው የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ ከአሳዳጅዋ የምትሸሽ ዶሮ የምትመራው ኩኩሉ የተባለችው የስልክ ጨዋታም የአገር ልጆች ሥራ ናት። በሁለቱ ወገኖች መካከል ድልድይ የሚሆን፣ በየሳምንቱ በልጆች እጅ የሚገባ ነገር ግን እስካሁን አላየሁም። ጋዜጣ ደግሞ ኢንተርኔት በማይደርስበት ቤትም ይደርሳል፤ በእኛ ሰፈር አንድ ቅጂ ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ ይነበባል።

አፈጻጸሙን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የመጀመሪያው ታሪክ በስምንት ወይም በአሥር ካሬ የሚያልቅ ቢሆን፣ ቦታው አንድ፣ ዋና ገጸ ባሕርዩም አንድ ቢሆን ለጀማሪዎች ይመቻል። ሠዓሊው ገጸ ባሕርዩ ምን ማድረግ እንደማይችል በግልጽ ቢያሳይ፣ ልጆቹ ሕጋቸውን የሚያወጡት ከዚያ ነው። ከሥዕሉ ሥር ስምንት በስምንት የሆነ ባዶ ካሬ ብታትሙ ኮምፒውተር የሌለው ልጅም ገጸ ባሕርዩን በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ሥሎ ቁጥሩን ሊልክላችሁ ይችላል፤ እኛም የተላኩትን ቁጥሮች በክበባችን ኮምፒውተሮች አስገብተን፣ በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል ፎቶ አንሥተን ለሚቀጥለው እትም እንልክላችኋለን። ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ለመሥራት ተማሪዎቼም እኔም ዝግጁ ነን፤ ሐሳቡን ከተቀበላችሁ ከሠዓሊው ጋር ለመነጋገር ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሒሳብ መምህር
ከየካ አባዶ፣ አዲስ አበባ